የሎንዶን አውቶቡስና ቤተ ሰብ፤ ከፈረስ ሰረገላ እስከ ኤሌክትሪክ

ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የቤቱ ንጽሕና፥ የማዕዱ መሰናዳትና የልጆች አስተዳደግ ነው። ነገር ግን በታላቅ ከተማ የሚኖር ቤተ ሰብ ከደጁ ወጥቶ ወደ ሥራው፥ ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ወደ ገበያው፥ ወደ ሐኪም ቤቱና ወደ ዘመዱ ቤት በደኅና ካልደረሰ ኑሮው ሊቃና አይችልም። ስለዚህ ሕዝብ የሚመላለስበት ሰረገላ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ማወቅ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ትሆነን ዘንድ የሎንዶንን ከተማ መርጠናል። በዚያች ከተማ ሕዝብ በጋራ የሚሳፈርበት ሰረገላ ከተጀመረ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ይጠጋል፤ በየዘመኑም የተሠራው ዓይነት ሁሉ በሚገባ ተጽፎ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

የአውቶቡስን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አስቀድመው የሚመለከቱት ሞተሩን ነው። ፈረስ ቀረ፥ ቤንዚን መጣ፥ ናፍጣ ተተካ፥ ኤሌክትሪክ ተከተለ ይላሉ። እኛ ግን ዛሬ ዓይናችንን ዝቅ አድርገን መወጣጫውን እንመለከታለን። አረጋዊ፥ ነፍሰ ጡር፥ ሕፃን ያዘለች እናትና አካሉ የተጎዳ ሰው ሊሳፈሩ መቻላቸው ወይም በመንገድ ዳር መቅረታቸው የሚታወቀው ከሞተሩ ይልቅ በመወጣጫው ነውና።

፩፤ በፈረስ የሚሳበው ሰረገላ

ጁላይ 4 ቀን 1829 ጆርጅ ሺሊቢር የሚባል ሰረገላ ሠሪ፥ በፓሪስ ከተማ ያየውን ሥራ ወደ አገሩ አምጥቶ፥ ከፓዲንግተን እስከ ባንክ ድረስ ሕዝብ ማመላለስ ጀመረ። ሰረገላው ሃያ ያህል ሰው የሚይዝ ሲሆን ሦስት ፈረሶች ጎን ለጎን ሆነው ይስቡት ነበር። ስሙም ኦምኒቡስ ተባለ። ይህ ቃል የላቲን ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው «ለሁሉ» ማለት ነው። ዛሬ በመላው ዓለም አውቶቡስ የሚባለው ስም ከዚሁ የተቈረሰ ነው።

ስሙ «ለሁሉ» ይሁን እንጂ ሥራው ለሁሉ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ዋጋው አንድ ሺሊንግ ስለ ነበረ የቀን ሠራተኛ ሊከፍለው አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ነጋዴዎችና የጽሕፈት ቤት ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ተወዳዳሪዎች እየበዙ፥ ዋጋውም እየቀነሰ ሄደ። በ1855 አንድ ታላቅ ኩባንያ ተቋቁሞ አብዛኞቹን ሰረገላዎች ገዛቸው፤ እርሱም የሎንዶን ጠቅላላ የኦምኒቡስ ኩባንያ ይባላል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ለመጫን ሲባል በጣራው ላይ ረዥም መቀመጫ ተሠራ፤ ተሳፋሪዎቹም ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይቀመጡበት ነበር። ወደ ጣራው የሚወጣው ግን እንደ መሰላል ያለ ብረት እየረገጡ ስለ ሆነ ረዥም ቀሚስ የለበሰች ሴት ልትወጣ አይቻላትም፤ ብትሞክርም እንደ ነውር ይቈጠርባት ነበር። ስለዚህ በጣራ ላይ ያለው ቦታ የወንዶች ብቻ ሆኖ ኖረ።

በ1880ዎቹ ዓመታት መሰላሉ ቀርቶ በሰረገላው ኋላ የሚዞር ደረጃ ተሠራ፤ የጣራውም መቀመጫ ሁለት ሁለት ሰው ወደ ፊት እያየ የሚቀመጥበት ሆነ። የዚህ ዓይነት ሰረገላ 12 ሰው በውስጥ፥ 14 ሰው በላይ ይይዛል። ያን ጊዜ ሴቶች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ደረጃ በመለወጡ ብቻ ከሰረገላው ግማሽ የሚበልጠው ቦታ ለከተማው ሕዝብ እኩሌታ ተከፈተለት።

የዚህ ሥራ ወጪ ግን ቀላል አልነበረም። አንዱን ሰረገላ በቀን ውስጥ እየተፈራረቁ የሚስቡ አሥር ወይም ዐሥራ አንድ ፈረሶች ያስፈልጉ ነበር። ገብሱ፥ ድርቆሹ፥ ጋጣው፥ ባለሟሉና የፈረስ ሐኪሙ ሁሉ ሲታሰብ ከገቢው አብዛኛውን የሚበላው ፈረሱ ነበር ማለት ይቻላል።

፪፤ የሞተር መምጣትና የሴቶች ሥራ

በ1910 ይኸው ኩባንያ «ቢ» የተባለውን አውቶቡስ በዎልተምስቶው ፋብሪካው ሠራ። ፍራንክ ሰርል የሚባለው መሐንዲስ ያወጣው ይህ መኪና 34 ሰው ይይዛል። ከዚያ በፊት የነበሩት የሞተር ሰረገላዎች በየመንገዱ እየተሰበሩ ሕዝቡን ያስመርሩ ነበር፤ ይህኛው ግን ጠንካራና አንዱ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ የተሠራ ስለ ነበረ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይገባል። ስለዚህ ለውጡ ፈጠነ፤ ኦክቶበር 25 ቀን 1911 ኩባንያው የመጨረሻውን የፈረስ ሰረገላ አቆመ፤ በ1913 የተሠሩት የቢ አውቶቡሶች 2,500 ያህል ደርሰው ነበር።

ሞተሩ አዲስ ይሁን እንጂ አካሉ ገና የፈረስ ሰረገላ አካል ነበር። የላይኛው ደርብ ጣራ የለውም፤ ነጂውም ዝናብና ብርድ እየመታው ይነዳል፤ መንኰራኵሩ ነፋስ የሌለበት ደረቅ ጎማ ስለ ሆነ ተሳፋሪውን ያንገጫግጨዋል። የሎንዶን ፖሊስ የሰረገላዎችን አሠራር የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን ስለ ነበረው፥ መኪናው ከላይ ከብዶ እንዳይገለበጥ በመስጋት ጣራ እንዳይደረግበት ለብዙ ጊዜ ከልክሎ ቆየ። በ1923 ወለሉ ዝቅ ያለ «ኤን ኤስ» የተባለ አውቶቡስ ተሠራ፤ ዝቅ በማለቱም መገልበጥ የማያሠጋው ስለ ሆነ በ1925 ጣራ እንዲለብስ ተፈቀደለት። ነፋስ ያለበትም ጎማ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለባለ ሁለት ደርብ አውቶቡሶች ተሰጠ። ወለሉ ዝቅ ሲል መውጣት ከመቅለሉም በላይ፥ በላይ የተቀመጠው ሰው ከዝናብ የሚድንበት ጣራ የተገኘው ከዚሁ የተነሣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ አስቀድሞ ታላቁ ጦርነት በ1914 በተነሣ ጊዜ 900 ያህል የቢ አውቶቡሶች ወታደር ለማመላለስ ወደ ጦር ሜዳ ዘመቱ። ወንዶቹም ስለ ዘመቱ ከ1915 መጨረሻ ጀምሮ ሴቶች ቲኬት ቈራጮች ሆነው ገቡ። በኦገስት 1918 ለወንዶቹ በሳምንት አምስት ሺሊንግ የጦርነት ጊዜ ጭማሪ ሲሰጥ ለሴቶቹ ስለ ተከለከለ፥ ሴቶቹ ሥራ አቁመው እኩል እንዲከፈላቸው ጠየቁ፤ ጭማሪውንም አገኙ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን ቦታቸውን ለተመለሱት ወንዶች እንዲለቁ ሆነ። በሁለተኛው ጦርነት ዘመን እንደ ገና ተጠርተው ይህንኑ ሥራ በትጋት ሠሩ፤ አውቶቡስ መንዳት ግን ያን ጊዜም አልተፈቀደላቸውም። ጂል ቫይነር የምትባል ሴት የመጀመሪያዪቱ የሎንዶን አውቶቡስ ነጂ የሆነችው በ1974 ነው።

፫፤ እንደ ልብስ የሚታደሱ አውቶቡሶች

ጁላይ 1 ቀን 1933 በሕግ አንድ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ የከተማዪቱ አውቶቡስ፥ ትራምና የምድር ውስጥ ባቡር በአንድ አስተዳደር ሥር ሆኑ። ሊቀ መንበሩ ሎርድ አሽፊልድ፥ ምክትላቸውም ፍራንክ ፒክ ነበሩ። እኒህ ሰዎች ብዙ ዓይነት መኪና መግዛት ወጪን እንደሚያበዛ ተረድተው አንድ ዓይነት አውቶቡስ በብዛት የመሥራትን ልማድ አጸኑ።

የዚህ አሳብ ፍሬ «አር ቲ» የተባለው ቀይ አውቶቡስ ነው። የመጀመሪያው በ1939 ሥራ ጀመረ፤ ጦርነት ስላቋረጠው ከ1947 ወዲህ በብዛት ተሠራ፤ ከወንድሞቹ ዓይነቶች ጋር ቍጥሩ ሰባት ሺሕ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። 56 ሰው ያስቀምጣል። በኦልደናም በተሠራው ታላቅ የማደሻ ፋብሪካ ውስጥ አውቶቡሱ አካሉ ከሻንሲው ተለይቶ እየተነሣ፥ የተጎዳው ሁሉ እየተለወጠ፥ ቀለሙም እየታደሰ እንደ አዲስ ሆኖ ይወጣ ነበር። አስተዋይ እመቤት ልብስን አርጅቷል ብላ ሳትጥል እያጠበችና እየጣፈች ለብዙ ዓመት እንደምታቈየው፥ የአር ቲ አውቶቡስም እንዲሁ በጥንቃቄ ተይዞ እስከ ኤፕሪል 1979 ድረስ፥ ማለት አርባ ዓመት ያህል አገለገለ።

ከእርሱ የተከተለው ሩትማስተር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በጦርነቱ ዘመን ሃሊፋክስ የተባለውን የቦምብ አውሮፕላን ሲሠሩ ከአሉሚንየም ቀላልና ጠንካራ አካል ማበጀትን ተምረው ነበር፤ ያንን ዕውቀት ለሰላም ሥራ አዋሉት። አውቶቡሱ በ1954 ለሕዝብ ታየ፥ በፌብሩዋሪ 1956 ሥራ ጀመረ። ከአር ቲ ስምንት ሰው ጨምሮ 64 ሰው ሲያስቀምጥ ክብደቱ ግን ከአር ቲ አይበልጥም። የብርድ ጊዜ ማሞቂያ፥ ለነጂው ክንድ የሚያግዝ መሪ፥ መንገጫገጭን የሚያበርድ አሠራር ተደረገለት። እስከ 1968 ድረስ 2,876 ተሠሩ።

ሩትማስተር በኋላው በኩል በር የሌለው ሰፊ መሳፈሪያ ነበረው። ወለሉ ግን ከመሬት ከፍ ያለ ሲሆን በመካከሉ የቆመ ዘንግ ብቻ ለመያዣ ይገኝበታል። ጕልበት ያለው ጐልማሳ ዘንጉን ይዞ ዘሎ ይወጣል፤ የሕፃን ጋሪ የያዘች እናት ግን ልጅዋን አቅፋ፥ ጋሪውን አጣጥፋ፥ ዕቃዋንም አንጠልጥላ መውጣት ይኖርባታል። ታዲያ እንዴት ይሆንላት ነበር ቢባል መልሱ ቲኬት ቈራጩ ነው።

፬፤ የቲኬት ቈራጩ እጅ

ቲኬት ቈራጭ ማለት ገንዘብ ተቀባይ ብቻ አልነበረም። ጋሪውን ተቀብሎ ከደረጃው ሥር ያኖራል፤ አሮጊቲቱን ክንድዋን ይዞ ያወጣል፤ እንግዳውን የሚወርድበትን ቦታ ይነግረዋል፤ ሁሉ መሳፈሩን አይቶ ደወል ሲደውል ነጂው ይነሣል። የመወጣጫው ከፍታ ያጐደለውን የሰው እጅ ይሞላው ነበር።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ሠራተኛ ስላነሰ መሥሪያ ቤቱ በ1956 ሰዎቹን ወደ ባርቤዶስ ደሴት ልኮ ሠራተኞች መመልመል ጀመረ። ባሕር ተሻግረው የመጡት ወንዶችና ሴቶች በብዙ ብርድና አንዳንድ ጊዜም በንቀት መካከል ሥራቸውን ይዘው፥ ቤተ ሰብ መሥርተው፥ ልጆቻቸውን በዚያው አሳደጉ። የሎንዶን አውቶቡስ ታሪክ ሲነገር የእነዚህ ሰዎች ድካም ሳይጠራ ቢቀር ታሪኩ ጐደሎ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ለሁለት ሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ለመሥሪያ ቤቱ እየከበደው ሄደ፤ የግል አውቶሞቢልም ስለ በዛ ተሳፋሪው ቀነሰ። በ1966 አዲስ ዕቅድ ታተመ፤ ይኸውም ነጂው ብቻውን እየነዳ ገንዘብም እንዲቀበል የሚያዝ ነበር። ለዚህ ሥራ በ1971 በፊት በኩል በር ያለው «ዲ ኤም ኤስ» የተባለ ባለ ሁለት ደርብ አውቶቡስ ገባ፤ ወንድሞቹ ሁሉ ሲቈጠሩ 2,646 ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ብዙ ተስፋ ቢያደርግባቸውም በየጊዜው ይበላሹ ነበር፤ ተሳፋሪም ሁሉ በነጂው ዘንድ ሲከፍል አውቶቡሱ በየማቆሚያው ይዘገያል። ብዙዎቹ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ተሸጡ፤ ሽማግሌው ሩትማስተር ግን እነርሱን ተክቶ መሄዱን ቀጠለ። ከአዲስነት ይልቅ ለሥራው ተስማሚነት እንደሚበልጥ ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ሆኖም ሩትማስተርን መውደድ ብቻ አይበቃም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በዚያ በሚያምረው መሳፈሪያ ላይ አንድ ቀንም ሊወጣ አልቻለም። ቲኬት ቈራጩ ምንም ደግ ቢሆን ሰውን ከነከባድ ወንበሩ ተሸክሞ አያወጣውምና። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አካላቸው የተጎዳ ሰዎች በሎንዶን አደባባይ ወጥተው ራሳቸውን ከአውቶቡስ ጋር በብረት እያሰሩ መንገድ ዘጉ። የጠየቁት ምጽዋት አልነበረም፤ ከሌላው ሰው ጋር በአንድ በር ለመግባት ነበር እንጂ።

፭፤ ወለሉ ዝቅ አለ

በ1994 ወለሉ ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ አውቶቡስ በሎንዶን ሥራ ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከፊተኛው በር ጀምሮ እስከ መካከለኛው በር ድረስ ያለው ወለል አንድም ደረጃ ሳይኖርበት ሜዳ ይሆናል። ነጂው ቍልፍ ሲነካ ነፋስ ወጥቶ አውቶቡሱ በበሩ በኩል እንደ ግመል ይንበረከካል፤ ከወለሉም ሥር መሸጋገሪያ ሳንቃ ወጥቶ እስከ እግረኛው መንገድ ይዘረጋል። በመካከሉም ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ባዶ ቦታ ተለይቶለታል። በ1998 ይህ አሠራር ለባለ ሁለት ደርብ አውቶቡስም ተደረገ፤ በ2000 በመንግሥት የወጣው ደንብ አዲስ የሚሠራ አውቶቡስ ሁሉ እንዲሁ እንዲሆን አዘዘ። ዲሴምበር 9 ቀን 2005 ሩትማስተር በ159ኛው መሥመር የዘወትር ሥራውን ጨርሶ ተሰናበተ፤ ለመታሰቢያ ከቀሩት ጥቂቶች በቀር የከተማዪቱ አውቶቡሶች ሁሉ ባለ ዝቅተኛ ወለል ሆኑ። ከዚያም እስከ 2009 ድረስ የሚቀጥለውን ማቆሚያ ስም በድምፅ የሚናገርና በጽሕፈት የሚያሳይ መሣሪያ በሁሉም ላይ ገባ፤ ዓይኑ የማያይ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ፥ ጆሮው የማይሰማም እያነበበ የሚወርድበትን ያውቃል።

ይህ የተደረገው አካላቸው ለተጎዳ ሰዎች ተብሎ ነበር፤ በረከቱ ግን ለቤተ ሰብ ሁሉ ተረፈ። እናት ልጅዋን ከነጋሪው እየገፋች ትገባለች፤ ጕልበቱን የሚያመው አባት ሳያቃስት ይሳፈራል፤ ገበያ የዋለውም ሰው ዕቃውን እየጐተተ ያስገባል። ለደካማው ታስቦ የተሠራ ነገር ብርቱውንም እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ነገር ግን ከአዲስ ጥቅም ጋር አዲስ ክርክር ተወለደ። ተሽከርካሪ ወንበርና የሕፃን ጋሪ አንዱን ቦታ ይሻማሉ። በ2012 በእንግሊዝ ሰሜን፥ ወደ ሊድስ ከተማ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ አንዲት እናት የተኛ ልጅዋን ጋሪ አላነሣም ስላለች በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰው ሳይሳፈር ቀረ፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2017 ነጂው አንድ ጊዜ ለምኖ ዝም ማለት እንደማይበቃው፥ እምቢታው ያለ በቂ ምክንያት መስሎ ከታየውም አጥብቆ መጠየቅ እንደሚገባው ፈረደ። ሁለቱም ወገን ችግረኛ ነው፤ ዕንቅልፍ የያዘውን ሕፃን መቀስቀስ ለእናት ቀላል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጋሪ ብዙ ጊዜ ሊታጠፍ ይችላል፥ ሰው የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ወንበር ግን አይታጠፍም። እንዲህ ባለው ሰዓት ነው ቲኬት ቈራጩ የሚናፈቀው። ወለልን ዝቅ ማድረግ ለመሐንዲስ ይቻለዋል፤ ሁለት ችግረኞችን ማስማማት ግን ሰው ይፈልጋል።

፮፤ የዛሬው አውቶቡስ

በፌብሩዋሪ 2012 ሦስት በርና ሁለት ደረጃ ያለው አዲስ ሩትማስተር ሥራ ጀመረ፤ ጠቅላላ ቍጥሩ አንድ ሺሕ ሆነ። በኋለኛው በር ሠራተኛ ቆሞበት የቀድሞው ልማድ የተመለሰ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ደመወዙ ስለ ከበደ በ2016 ሠራተኞቹ ተነሡ፥ በሩም እንደ ሌሎቹ የሚዘጋ ሆነ። ከጁላይ 2014 ጀምሮ ደግሞ በአውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ቀርቶ በካርድ ብቻ ይከፈላል።

ሞተሩም ተለውጧል። በ2016 ሁለት መሥመሮች በሙሉ በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይሠሩ ጀመር፤ በ2019 ባለ ሁለት ደርቦቹ ተከተሉ፤ በ2021 በሃይድሮጅን የሚሄዱ ባለ ሁለት ደርብ አውቶቡሶች ገቡ። ከተማዪቱ በ2034 አውቶቡሶቿ ሁሉ ጭስ የማያወጡ እንዲሆኑ ቈርጣለች። ጭስ ሲቀር የሚጠቀመው ከሁሉ አስቀድሞ በመንገድ ዳር ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን ነው፤ ሳንባው ገና በማደግ ላይ ነውና። የኤሌክትሪኩ አውቶቡስ ግን ድምፅ ስለሌለው ዓይኑ የማያይ መንገደኛ መምጣቱን ሳይሰማ እንዳይገጨው ተሠጋ፤ ስለዚህ በ2020 ተሠርቶ የተጨመረ ድምፅ ይሰጠው ጀመር። ጸጥታ እንኳ ለአንዱ ዕረፍት፥ ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ የዚህን ረዥም ታሪክ ፍሬ በአጭር ቃል እናስቀምጥ። በ1829 ለሰረገላው «ለሁሉ» የሚል ስም ወጣለት፤ መወጣጫው ለሁሉ የተመቸ እስኪሆን ግን 176 ዓመት ፈጀ። በመካከሉ የመጡት መኪናዎች ሁሉ በጊዜያቸው አዲስና የሚያስመሰግኑ ነበሩ፤ ነገር ግን ሠሪዎቹ በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት ተሳፋሪ ጤነኛና ጐልማሳ ወንድ ስለ ነበረ የቀረው ሁሉ እንደ ምንም ተንጠልጥሎ ይሳፈር ነበር። መወጣጫው ዝቅ ባለ ጊዜ ደግሞ ደጋፊው እጅ ስለ ታጣ ሥራው እንደ ገና ጐደለ። መልካም ማመላለሻ የሚባለው ሁለቱን ያጣመረ ነው፤ ዝቅ ያለ ወለልና ትሑት ሠራተኛ።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ሕዝብ የሚያገለግል ሰረገላ ለመግዛት ወይም ለማዘዝ ሥልጣን ያላችሁ ብትኖሩ፥ ስለ ሞተሩ ጕልበትና ስለ ቀለሙ ውበት ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር ቆማችሁ፥ እናቴ በዚህ ትወጣለችን ብላችሁ ጠይቁ። ሥልጣን የሌለን ደግሞ፥ ነገ ስንሳፈር ከኋላችን የሚመጣው ማን እንደ ሆነ ዘወር ብለን እንይ፤ ቲኬት ቈራጩ በሌለበት አውቶቡስ ላይ እጅ መዘርጋት የተሳፋሪው ሁሉ ተራ ሆኗልና።